ጨረታው ላይ ስሜ አለ፤ ሥራው ላይ ግን የለሁም። ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦ ባለጽዳቷ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

የቢሮ ጽዳት ድርጅት አለኝ። የተከፈተው በእኔ ስም ነው፤ የማስተዳድረውም እኔው ነኝ። ዊተን ውስጥ ሁለት የጥርስ ክሊኒክ፣ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ የጠበቆች ቢሮ፣ ታኮማ ፓርክ ደግሞ አንድ የሕፃናት መዋያ እናጸዳለን። ስድስት ሠራተኞች አሉኝ። ከአገር ቤት፣ ከኤርትራና ከኤል ሳልቫዶር የመጡ ሴቶች ናቸው። አንዳንዶቹ ልጆቻቸውን ለብቻቸው ነው የሚያሳድጉት።

የሜሪላንድ ኤምቢኢ ሰርተፊኬት አለኝ። ለማታውቁት፣ እኛን ጥቁሮችን ጨምሮ በአናሳ ማኅበረሰቦችና በሴቶች የተያዙ ድርጅቶች ከመንግሥት ግዥ ድርሻ እንዲያገኙ ስቴቱ የሚሰጠው ማረጋገጫ ነው። ስቴቱ ከግዥው 29 በመቶው ወደነዚህ ድርጅቶች እንዲሄድ ግብ አስቀምጧል። ሰርተፊኬቱን ለማግኘት ያላስገባሁት ወረቀት የለም። የታክስ ወረቀት፣ የባንክ ስቴትመንት፣ ድርጅቱን የከፈትኩበት ገንዘብ ከየት እንደመጣ ሳይቀር ተጠይቄያለሁ። ቅር አላለኝም። ድርጅቱ በትክክል የኔ መሆኑን ማጣራት አለባቸው።

ባለፈው ዓመት አንድ ትልቅ የጽዳት ኩባንያ ደወለልኝ። ባልቲሞር አካባቢ ላለ የስቴት ሕንፃ ጨረታ እየገቡ ነበር። "አንቺን በንዑስ ተቋራጭነት እናስገባሻለን፤ ከኮንትራቱ 18 በመቶው ያንቺ ይሆናል" አሉኝ። ጨረታው ሊዘጋ ትንሽ ነበር የቀረው። ቅጹን ላኩልኝ፤ አንብቤ ፈረምኩ። ስሜ፣ የሰርተፊኬት ቁጥሬ፣ የምሠራው የሥራ ዓይነትና መቶኛው ተጽፎበታል። አሸነፉ። እኔም ለሥራው ብዬ የወለል ማሽን በክሬዲት ገዛሁ። ተጨማሪ ሴቶችንም ተዘጋጁ ብዬ አነጋገርኩ።

ከዚያ በኋላ ዝም። ስደውል "ገና እያስተካከልን ነው፣ እንጠራሻለን" ይሉኛል። ኢሜይል ስልክ መልስ የለም። በቅርቡ እዚያው ሕንፃ ጥበቃ የሚሠራ የምናውቀው ልጅ፣ ጽዳቱ ከተጀመረ ወራት እንዳለፉ ነገረኝ። ማታ ማታ የሚያጸዱት የኩባንያው የራሱ ሠራተኞች ናቸው።

አሁን ምን ላድርግ? አቤት ልበል? ለማን? አቤት ካልኩ ሌላውም ኩባንያ "ይቺ ሴትዮ ነገረኛ ናት" ብሎ ሁለተኛ አይጠራኝም ብዬ እፈራለሁ። ወንድሜ ደግሞ "የሴት፣ የጥቁር የሚባለው ነገር ሁሉ ተሰርዟል፤ ዝም ብለሽ የግል ሥራሽን ሥሪ" ይለኛል። እውነቱን ነው?

እኔ የጠየቅሁት ምጽዋት አይደለም። በሰው ቤት ጽዳት ጀምሬ እዚህ የደረስኩ ሴት ነኝ። ስሜን አስገብተው ያሸነፉበትን ሥራ እንዲሰጡኝ ነው የምፈልገው።


መልስ፦ የባልቲሞሯ

እህቴ፣ ያነበብኩትን ሁሉ አውቀዋለሁ። እኔም ጽዳት ውስጥ ነኝ። ከስቴቱም ከከተማውም ጋር ሠርቻለሁ፤ በዋናነትም በንዑስ ተቋራጭነትም። ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልንገርሽ።

መጀመሪያ ፍርሃቱን እናውጣው። ያ ኩባንያ ውለታ አልዋለልሽም። እንዲያውም የጠቀምሽው አንቺ ነሽ። አንድ ጨረታ የኤምቢኢ ግብ ከተቀመጠለት፣ ተጫራቹ ከዋጋው ጋር አብሮ የንዑስ ተቋራጮቹን ዝርዝር ማስገባት አለበት። ግቡን ያሟላል፤ ካልሆነም ጥረት አድርጌ አላገኘሁም ብሎ በማስረጃ ነፃ እንዲደረግ ይጠይቃል። ሁለቱንም ካላደረገ ዋጋው የቱንም ያህል ርካሽ ቢሆን ይወድቃል። ስለዚህ ያንቺ 18 በመቶ እዚያ ሰነድ ላይ የተቀመጠው ለጌጥ አይደለም። መንግሥት "ይህን ያህል ለዚህች ድርጅት አሠራለሁ" የሚል ቃል ተቀብሎ ነው ሥራውን የሰጣቸው።

የሜሪላንድ ሕግ በዚህ ነገር ግልጽ ነው። ዋናው ተቋራጭ ያንቺን ፈቃድ ሳያገኝ ስምሽን ጨረታ ውስጥ ማስገባት አይችልም። እንዳስገባሽም ውሉ ከመፈረሙ በፊት ሊያሳውቅሽ ይገባል። አስገብቶሽ ሲያበቃ ሥራው ላይ ሳያሰማራሽ መቅረት አይችልም። ለስምሽ ብቻ ብሎ ገንዘብ መክፈልም አይችልም። ይቺን የመጨረሻዋን በደንብ ያዢያት። ደብዳቤ ስትጽፊላቸው አንዳንዱ "ሥራውን እኛው እንጨርሰዋለን፣ ላንቺ በየወሩ ትንሽ ነገር እንልክልሻለን" ሊልሽ ይችላል። ሳይለፉ ማግኘት ይመስላል። እሺ ካልሽ ግን ጥፋቱ ያንቺም ይሆናል፤ ሰርተፊኬትሽንም ታጪዋለሽ።

ምን ታደርጊያለሽ? የፈረምሽበትን ቅጽ አውጪ። ኮፒ ከሌለሽ ጨረታውን ያወጣውን መሥሪያ ቤት ጠይቂ። የመንግሥት ሰነድ ነው፤ በሜሪላንድ የመረጃ ሕግ መሠረት የመጠየቅ መብት አለሽ። ከዚያ ለኩባንያው አጭር ኢሜይል ጻፊ። የጨረታው ቁጥር፣ ቅጹ ላይ የተጻፈው ሥራ፣ መቶኛው፣ "መቼ እንደምጀምር እስከዚህ ቀን አሳውቁኝ"፤ ይኸው ነው። ምሬትሽን ለእኛ ንገሪን እንጂ እዚያ አትጻፊው። ኢሜይሉ ላይ የመሥሪያ ቤቱን የግዥ ኃላፊና የኤምቢኢን ጉዳይ የሚከታተለውን፣ ሊየዘን የሚባለውን ሰው ኮፒ አድርጊ። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ሊየዘን አለው፤ ሥራው ይኸው ነው። ከእነሱ በላይ ደግሞ የአነስተኛ፣ የአናሳዎችና የሴቶች ንግድ ጉዳይ የገዥው ቢሮ አለ። እዚያ የምትሄጂው ታችኛው ካልመለሰልሽ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገርሽ። በኤምቢኢ ኮንትራት ዋናው ተቋራጭ በየወሩ ለመሥሪያ ቤቱ የክፍያ ሪፖርት ያስገባል። ንዑስ ተቋራጯም የራሷን ሪፖርት ታስገባለች። ስንት ብር ኢንቮይስ እንዳደረገች፣ ስንት እንደተከፈላት ትጽፋለች። አንቺ ዜሮ ጻፊና ላኪ። ኢንቮይስ ዜሮ፣ ክፍያ ዜሮ። የእነሱ ሪፖርት ሌላ ከሆነ፣ ወይም ጭራሽ ካልላኩ፣ ልዩነቱ ራሱ ይናገራል። መክሰስ አያስፈልግሽም። መሥሪያ ቤቱ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ካየ መጠየቁ አይቀርም። አንቺን በሌላ ለመተካት ወይም መቶኛሽን ለመቀነስ ከፈለጉ ደግሞ ምክንያታቸውን ጽፈው ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ማግኘት ነበረባቸው። ፈቃዱ አለ ወይ ብለሽ ጠይቂ። እነዚህ ኮንትራቶች ውስጥ የኤምቢኢ ግዴታውን ለማያከብር የገንዘብ ቅጣት አንቀጽም አለ።

"ነገረኛ ይሉኛል" ላልሽው፣ ሥራ የማይሰጥሽ ኩባንያ ቢቀየምሽ ምን ይቀርብሻል? እኔ አንድ ጊዜ ሥራውን ሠርቼ ክፍያ ያዘገየብኝ ዋና ተቋራጭ ነበር። "ስቴቱ አልከፈለንም" ይሉኝ ነበር። መሥሪያ ቤቱን የክፍያውን ቀን ጠየቅሁ፤ ነገሩኝ፤ ከተከፈላቸው ቆይቷል። ሕጉ ገንዘቡ በገባላቸው በ10 ቀን ውስጥ ላንቺ ክፈሉ ይላል። ቀኑን ጠቅሼ ጻፍኩላቸው። ከፈሉ። ከዚያ በኋላም አብረን ሠርተናል። ትልልቆቹ ኩባንያዎች የሚያከብሩት ወረቀቱን የምታውቅ ሴት ነው። እዚህ ላይ ዝም አይነቅዝም የሚባለው አይሠራም። ዝም ያልሽበት ወር ሁሉ ከውሉ ዘመን ላይ የሚቀነስ ያንቺ ገንዘብ ነው።

ለሚቀጥለው ጊዜም አንድ ነገር። መቶኛ ብቻውን አይበቃም። የምን 18 በመቶ? የትኛው ፎቅ? ስንት ስኩዌር ፊት? ቀን ነው ማታ? የወለል ሰም የምትቀቢው አንቺ ነሽ ወይስ እነሱ? ሳሙናና ወረቀት የሚገዛው ማነው? ይህን ሁሉ በአንድ ገጽም ቢሆን አስፈርሚ። በተለይ የሚጀመርበትን ቀን። ደግሞም ስቴቱ ለአገልግሎት ኮንትራት የራሱ የሊቪንግ ዌጅ (ለሠራተኛ የሚከፈል ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ) ሕግ አለው፤ ከ2007 ጀምሮ ያለ ነው። ሞንትጎመሪና ባልቲሞር ዝቅተኛው ክፍያ ከፍ ባለበት ምድብ ውስጥ ናቸው። አንቺን ይመለከትሽ እንደሆነ ጨረታው ላይ እዪ፤ የሚመለከትሽ ከሆነ ሳታሰይው ዋጋ ከሰጠሽ ለፔይሮል ከኪስሽ ትከፍያለሽ።

ጽዳት ውስጥ ያለን ሰዎች ሌላም ማወቅ ያለብን ነገር አለ። ብዙ የስቴት ሕንፃዎች ጽዳት ለክፍት ጨረታ አይወጣም። አካል ጉዳተኞችን ለሚያሠሩ ድርጅቶች ቅድሚያ ይሰጣል፤ ሕጉ ነው። ፌዴራሉም አቢሊቲዋን የሚባል ተመሳሳይ ፕሮግራም አለው። እኔ ይህን አልቃወምም፤ እነሱም እንጀራ የሚፈልጉ ሰዎች ናቸው። ግን "ለምን ጨረታ አይወጣም?" ብለሽ ስትጠብቂ ጊዜሽ እንዳያልቅ። በኤምቢኢ ብቻም አትወሰኚ። ስቴቱ ለአነስተኛ ድርጅቶች ብቻ የሚያስቀምጣቸው ጨረታዎች አሉ፤ ስሞል ቢዝነስ ሪዘርቭ ይባላሉ። እዚያ ማንም ስምሽን አይበደርም። ዋናዋ ተቋራጭ አንቺው ነሽ። ሞንትጎመሪ ካውንቲም የራሱ አለው። ለስድስት ሠራተኛ እንዲህ ያለው ትንሽ ሕንፃ ይሻላል።


መልስ፦ ሒሳብ አዋቂው፣ አሌክሳንድሪያ

እህቴ፣ ወንድምዎ ያሉት ግማሹ እውነት ነው። ችግሩ ብዙ የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ሲወሩ መክረማቸው ነው። እኔ ለብዙ የሐበሻ ድርጅቶች ሒሳብ ስለምሠራ ይህ ጥያቄ በየቀኑ ይመጣብኛል።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 21 ቀን 2025 ፕሬዝዳንት ትራምፕ የሰረዙት በ1965 የወጣውን የፕሬዝዳንት ጆንሰንን ትእዛዝ ነው። እሱ የሚመለከተው የፌዴራል ተቋራጮች ሠራተኛ ሲቀጥሩ የሚከተሉትን ደንብ ነበር። የእርስዎን ዓይነት ሰርተፊኬት አይመለከትም።

በጣም የተለወጠው ዲቢኢ የሚባለው ነው። ይህ በፌዴራል የትራንስፖርት ገንዘብ ለሚሠሩ መንገዶች፣ ባቡሮችና ኤርፖርቶች ነው። ድሮ ሴት ወይም ጥቁር ከሆኑ ዕድል የተነፈገዎት ሰው እንደሆኑ ሕጉ ራሱ ይገምት ነበር። ከኦክቶበር 3 ቀን 2025 ጀምሮ ግምቱ ቀርቷል። አሁን እያንዳንዱ ባለቤት በራሱ ሕይወት የደረሰበትን ጽፎ በማስረጃ ማሳየት አለበት። ሰርተፊኬት የነበራቸውም እንደገና ይታያሉ። ያ ምርመራ እስኪያልቅ ድረስ በየኮንትራቱ ላይ የሚቀመጠው ግብ ቆሟል። የጭነት መኪና፣ የአስፋልትና የኤርፖርት ሥራ ላይ ያሉ ወገኖቻችን ክፉኛ የተጎዱት በዚህ ነው።

ዕድል ለተነፈጋቸው ሰዎች አነስተኛ ድርጅቶች የፌዴራል ኮንትራት የሚያስቀምጠው፣ ኤይት ኤ የሚባለው ፕሮግራምም ተመሳሳይ ነገር ገጥሞታል፤ ያውም ቀደም ብሎ። ጁላይ 19 ቀን 2023 ቴነሲ ያለ የፌዴራል ፍርድ ቤት በዘር ላይ የተመሠረተውን ግምት አገደ። ፕሮግራሙ ግን አልተዘጋም። አመልካቹ ታሪኩን በጽሑፍ ያስረዳል። የአሜሪካ ዜግነት ያስፈልጋል፤ የግል ሀብት ከ850,000 ዶላር መብለጥ የለበትም፤ የሚቆዩበትም 9 ዓመት ብቻ ነው። ምርመራውም አሁን ጥብቅ ሆኗል።

የሴቶቹ የፌዴራል ፕሮግራም በሕግ የቆመ ነው። ከፌዴራል ግዥ 5 በመቶው በሴቶች ለተያዙ ድርጅቶች እንዲሆን ግቡን ያስቀመጠው የ1994 ሕግ ነው። መንግሥት ግቡን ለመጀመሪያ ጊዜ የመታው በ2015 ነበር። ሃያ ዓመት አልፎ ማለት ነው። እዚህም ዜግነት ያስፈልጋል፤ ቢያንስ 51 በመቶው የሴት መሆን አለበት፤ ማስተዳደሩም የእሷ። ማመልከቻው በአነስተኛ ንግድ አስተዳደሩ በኩል በነፃ ነው። የጽዳት ኮድ 561720 ሲሆን ዓመታዊ ገቢው እስከ 22 ሚሊዮን ዶላር የሆነ ድርጅት እንደ አነስተኛ ይቆጠራል። እርስዎ በሰፊው ይገባሉ።

የእርስዎ ኤምቢኢ ግን የሜሪላንድ ሕግ ነው። ከፌዴራሉ ዲቢኢ ጋር አንድ አይደለም። ሁለቱም ሰርተፊኬቶች የሚሰጡት ከአንድ ቢሮ ስለሆነ ሰው ያምታታቸዋል። ስለዚህ የባልቲሞሯ እህታችን ያሉትን ይከተሉ።

ዲሲ ላላችሁ አንባቢዎች አንድ ቃል ልጨምር። ሲቢኢ የሚባለው የዲሲ ሰርተፊኬት ዋና መሠረቱ ዘርና ፆታ አይደለም። ዋና ቢሮው ዲሲ ውስጥ የሆነ ድርጅት ነው የሚፈለገው። ከ250,000 ዶላር በላይ በሆነ የከተማው ኮንትራት ላይ 35 በመቶው ለአነስተኛ ድርጅቶች መሰጠት አለበት። ከ2004 ጀምሮ ባለው የቋንቋ ሕግ የተነሳ የዲሲ መሥሪያ ቤቶች ውስጥ የአማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ ትችላላችሁ። አታፍሩ፣ ጠይቁ።

ከፌዴራል መንግሥት ጋር ለመሥራት የሚመዘገቡበት ሳም ዶት ጋቭ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ መመዝገብም በነፃ ነው። እየደወሉ "ምዝገባዎ ሊያልቅ ነው፣ ይህን ያህል መቶ ዶላር ይክፈሉ" የሚሉት መንግሥት አይደሉም። አፔክስ አክሰለሬተር የሚባሉ ቢሮዎች በየስቴቱ አሉ፤ የመንግሥት ጨረታ እንዴት እንደሚገባ ያለ ክፍያ ቁጭ ብለው ያሳዩዎታል።


መልስ፦ ባለትራኩ፣ ላንሃም

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ብዙ ተማርኩ። ግን በቅንነት የምጠይቀው ነገር አለ። ዋጋው ርካሽ የሆነ፣ ሥራውን የሚችል ሰው ቢያሸንፍ አይሻልም ወይ? እኔ ገልባጭ መኪና አለኝ። ስንት ጨረታ በዋጋ ተሸንፌ ተመልሻለሁ። ቅር አይለኝም፤ የበለጠኝ በለጠኝ። በዘርና በፆታ ሲሆን ግን ልቤ አይቀበለውም።

ሁለተኛ፣ ጓደኞቼ 51 በመቶውን ወደ ባለቤቴ ስም አዙረህ የሴት ሰርተፊኬት አውጣ ይሉኛል። እሷ ነርስ ናት። ይቻላል?


መልስ፦ ከአትላንታ

ወንድሜ፣ የመጀመሪያውን ጥያቄህን እኔ ልሞክር። ኤርፖርት ውስጥ ነው የምሠራው። የኤርፖርታችን ስም ውስጥ ያለው ጃክሰን ማን እንደሆነ መጀመሪያ ስመጣ አላውቅም ነበር። ሜናርድ ጃክሰን የአትላንታ የመጀመሪያው ጥቁር ከንቲባ ነው። ሥልጣን የያዘው በ1974 ነው። ያኔ ከከተማው ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ጥቁር ሆኖ ሳለ፣ ከከተማው ኮንትራት ለጥቁር ድርጅቶች የሚደርሰው አንድ በመቶ እንኳን አይሞላም ነበር። አዲሱ ተርሚናል ሲሠራ ከሥራው ሩቡ ለአናሳዎች ድርጅቶች ካልተሰጠ አይሠራም ብሎ ድርቅ አለ። ብዙ ተጮኸበት። ተርሚናሉ ግን በ1980 ተከፈተ፤ አናሳዎችም ሥራውን ሠርተው አሳዩ።

የበለጠኝ በለጠኝ ያልከው ጥሩ ነው፤ ሩጫው ላይ ከገባህ። ስለ ሪችመንድ ቨርጂኒያ ልንገርህ። እዚያም ግማሽ ያህሉ ነዋሪ ጥቁር ነበር። ከ1978 እስከ 1983 ከከተማው የግንባታ ኮንትራት ለአናሳዎች ድርጅቶች የደረሰው 0.67 በመቶ ነው። መቶ ዶላር ወጥቶ ስድሳ ሰባት ሳንቲም ማለት ነው። ይህ በችሎታ ማነስ ይመስልሃል? ቦንድ፣ ማለትም ሥራውን እንደሚጨርሱ የሚያረጋግጥ ዋስትና፣ የሚሰጣቸው አልነበረም። ባንክ አያበድራቸውም። ዋናው ተቋራጭ የሚጠራው የሚያውቀውን ነው፤ የሚያውቀው ደግሞ አብሮት ያደገውን። ግብሩን ግን ሁሉም ይከፍላል።

እውነቱን ለመናገር ከተማው ያወጣውን የ30 በመቶ ደንብ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1989 ሽሮታል። መድልዎ መኖሩን በማስረጃ ሳታሳዩ በዘር ድርሻ መመደብ አትችሉም አለ። ከዚያ ወዲህ ነው ስቴቶችና ከተሞች ጥናት የሚያስጠኑት። ሥራውን የሚችሉ ስንት ድርጅቶች አሉ፣ ሥራውን ያገኙት ስንቶቹ ናቸው፣ ልዩነቱስ ከምን መጣ? ሜሪላንድም በዚህ መንገድ ነው የሄደችው። ደግሞ የባልቲሞሩን የኮንግረስ አባል ፓረን ሚቸልን አትርሱ። በ1977 ለሕዝብ ሥራዎች ከተመደበው 4 ቢሊዮን ዶላር 10 በመቶው ለአናሳዎች ድርጅቶች እንዲሆን ሕጉ ውስጥ ያስገባው እሱ ነው። እኛ ከሩቅ መጥተን በዚያ በር ነው የገባነው። ሕጉ "ጥቁር" ሲል ከአፍሪካ የመጣነውንም ይጨምራል። በሩን የከፈቱት ግን እዚህ የተወለዱት ናቸው።


መልስ፦ የባልቲሞሯ

የአትላንታው ወንድሜ፣ ተባረክ።

ባለትራኩ፣ ሁለተኛውን እኔ ልመልስልህ፤ ቅር አይበልህ። አይቻልም። ወረቀቱ ላይ 51 በመቶ መጻፍ ቀላል ነው። የሚጣራው ግን ማን እንደሚያዝ ነው። ባለቤትህን ብቻዋን ያነጋግሯታል። የአስፋልት ጭነት በቶን ስንት ነው? ሹፌር የሚቀጥረውና የሚያባርረው ማነው? የመኪናው ብድር ላይ የፈረመው ማነው? ቼክ የሚፈርመው ማነው? ቀኑን ሙሉ ሆስፒታል ውላ ድርጅት አስተዳድራለሁ ብትል ማን ያምናታል? የውሸት ማመልከቻ ደግሞ ወንጀል ነው። ሚስትህን እዚያ ውስጥ አታስገባት።

ይህን የምለው በንዴት ነው፤ አልደብቅህም። በየስብሰባው የምናየው ነገር አለ። ስሙ የሴት፣ የሚያወራው ባል። እንዲህ ያለ ድርጅት የወሰደው እያንዳንዱ ኮንትራት እንደ ጠያቂዋ ካለች፣ ሌሊት ፎቅ ስታጸዳ ካደረች ሴት ላይ የተወሰደ ነው። ፕሮግራሙን የሚጠሉ ሰዎችም የሚጠቅሱት እሱን ነው። አንተ በራስህ ስም አነስተኛ ድርጅት ነህ። በስሞል ቢዝነስ ሪዘርቭ ግባ። ለኤምቢኢም በራስህ ማመልከት ትችላለህ።


ባለጽዳቷ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እትዬ፣ በተለይ ለእርስዎ ምን እንደምል አላውቅም። ቅጹን ከኢሜይሌ ውስጥ አገኘሁት። 18 በመቶ ይላል። "የማታ ጽዳትና የወለል እንክብካቤ" ተብሎ ተጽፏል፤ ፎቁ ግን አልተጠቀሰም። የመሥሪያ ቤቱን የግዥ ኃላፊ ስምም ጨረታው ላይ አገኘሁ። ስለ ወሩ ሪፖርት ግን የነገረኝ የለም። ያለፉትን ወራት አሁን መላክ እችላለሁ? ወይስ ጊዜው አልፎ ይጣልብኛል? ሌላው ደግሞ፣ "እሺ፣ ነገ ጀምሪ" ቢሉኝ ደመወዝ በየሁለት ሳምንቱ ነው የምከፍለው። የእነሱ ገንዘብ መቼ እንደሚመጣ ሳላውቅ ሰው ቀጥሬ ብገባ እንዳልወድቅ ፈራሁ።


መልስ፦ የባልቲሞሯ

ላኪው። እያንዳንዱን ወር ለየብቻው ሙዪና በአንድ ኢሜይል ለሊየዘኑ አያይዢው። ከላይ "የሪፖርት ቅጽ ስላልተላከልኝ አሁን አቀርባለሁ" ብለሽ ጻፊ፤ እውነት ስለሆነ። አይጥሉብሽም።

የገንዘቡን ነገር በትክክል ነው የፈራሽው። ትናንሾቻችን የምንወድቀው ጨረታ ላይ ሳይሆን ፔይሮል ላይ ነው። ቁጥሩን አስይው። ወሩን ሙሉ ሠርተሽ ኢንቮይስ ታደርጊያለሽ። ስቴቱ ለዋናው ለመክፈል 30 ቀን አለው። ዋናው ላንቺ ለማስተላለፍ 10 ቀን አለው። እነሱ ኢንቮይሱን ሰብስበው እስኪልኩ ድረስ የሚባክነውን ጨምሪበት። ስለዚህ የመጀመሪያው ቼክ እስኪመጣ ከሁለት ወር በላይ ደመወዝ መክፈል የምትችይበት ገንዘብ ወይም የባንክ ክሬዲት መስመር ይኑርሽ። ከሌለሽ ውሉን ስትፈራረሙ ኢንቮይስ በየሁለት ሳምንቱ እንዲሆን ጠይቂ። እኔ ጠይቄ የፈቀዱልኝ አሉ። ካልሆነም በአንድ ፎቅ ጀምረሽ በየወሩ ጨምሪ፤ ግን ሙሉው 18 በመቶ መቼ እንደሚደርስ ቀኑ ይጻፍ። ባለፉት ወራት ያልሠራሽው ድርሻም በቀሪው ጊዜ እንዲካካስልሽ በዚያው ኢሜይል ጠይቂ። መቶኛው የሚቆጠረው ከጠቅላላው ኮንትራት ነው፤ ከቀረው ጊዜ አይደለም።

የኢንሹራንስሽንና የወርከርስ ኮምፕ (በሥራ ላይ ለሚጎዳ ሠራተኛ የሚሆነው መድን) ወረቀትሽን ቀን ዛሬውኑ እዪ። መልስ ሲያጡ መጀመሪያ የሚፈልጉት ጊዜው ያለፈበት ወረቀት ነው። ኢሜይሉን ከመላክሽ በፊት ማሳየት ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፤ አነብልሻለሁ።